ለብቻ የተገዛ ሳህን

በእኛ ቤት ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ምግብ የሚቀርበው በአንድ ሰፊ ትሪ ነው። እናቴ እንጀራውን ታነጥፋለች፣ ወጡን መሀል ላይ ታወጣለች፣ ከዚያ ዙሪያውን እንከባለን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ የእህቴ ልጅ እና እኔ። የሚጎርስ ይጎርሳል፣ የጠገበ እጁን ይሰበስባል፣ ትሪው ባዶ ሲሆን ሁሉም እንደበላ ይቆጠራል። ይህን የምጽፈው ቤታችንን ለመውቀስ አይደለም። አብሮ መብላትን እወደዋለሁ። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ልጅ በየቀኑ መሀላችን ተቀምጣ ሳትበላ ስትነሳ ለወራት ሳናይ የቀረነው በዚህ የተነሳ ስለሆነ፣ ከዚህ መጀመር ይሻላል ብዬ ነው።

ቤታችን ከኮተቤ ወደ ተራራው በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ዋናው ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ በጓሮ በኩል ደግሞ ድሮ እናከራየው የነበረ አንድ ሰርቪስ ቤት አለ። አባቴ ላምበረት መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበር። ወደ ሰሜን በሚሄዱት አውቶቡሶች ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሻንጣና ጆንያ ሲያስር ነው ዕድሜው ያለቀው። እህቴ ሲግናል አካባቢ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ከልጇ አባት ጋር የተለያዩት ልጅቷ ሳትወለድ ስለነበር፣ ልጅቷ አባት ብላ የምታውቀው የእኔን አባት ብቻ ነው። እሱን አባባ፣ እናቴን እማማ ትላቸዋለች። እኛ እሷን ሚጣ እንላታለን።

ሚጣ ከመጀመሪያውም ምግብ ላይ አስቸጋሪ ነበረች። ሽሮው ከቀላ አትነካውም፣ ሽንኩርት ካገኘች ትተፋለች፣ የወተት ሽታ ያቅለሸልሻታል። የምትበላው ከአባቴ እጅ ብቻ ነበር። ጭኑ ላይ ያስቀምጣትና መናኸሪያ ውስጥ እንዳለ ሰው ይጮኻል።

«ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!» ይልና ያጎርሳታል። «ይኼ ደብረ ብርሃን ደረሰ። ይኼ ሸዋ ሮቢት። ክፈቺ እንጂ፣ ኮምቦልቻ ላይ መንገድ ተዘጋ እንዴ?»

ስትጠግብ «ወራጅ አለ!» ትላለች። እሱም «ሳትከፍዪማ አትወርጂም» ይልና ጉንጩን ያቀርብላታል፤ ስማው ትነሳለች። እናቴ «ገበታ ላይ ጨዋታ ነውር ነው» እያለች ትቆጣለች፤ ግን ፊቷን አዙራ ትስቅ ነበር።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በማጠናበት ዓመት አባቴ ማሳል ጀመረ። አቧራ ነው አለ፤ የመናኸሪያው ጭስ ነው አለ። ደም ሲተፋ ነው ጤና ጣቢያ የሄደው። ሳንባ ነቀርሳ ነው አሉት፤ መድኃኒት ጀመረ። ቆይቶ ስለሄደ ግን ሳንባው ብዙ ተጎድቶ ነበር።

እናቴ ያን ሳምንት ሰርቪስ ቤቱን ጠርጋ አልጋ አስገባችለት። ከዚያ ገበያ ወጥታ አንድ የቆርቆሮ ሳህን ይዛ ተመለሰች፤ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ።

«አዲስ ሳህን ገዛሁልህ» አለችው።

«ምነው፣ ሙሽራ ሆንኩ እንዴ?» አላትና ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆኖበት ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

በእኛ ሰፈር ሳህን መለየት ቀላል ነገር አይደለም። የድሮ ሰዎች በሽተኛን የሚለዩት እንዲህ ነው፤ ሳህኑ የተለየ ሰው ራሱም ተለይቷል ማለት ነው። አባቴ ይህን ያውቃል። እናቴም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው አዲስ የገዛችለት። ከቤቱ ዕቃ አሮጌውን አንስታ ብትሰጠው ኖሮ የበለጠ ያፍር ነበር።

ሚጣን ሁላችንም አስጠነቀቅናት። እናቴ፣ እህቴ፣ እኔም ጭምር። «ወደ አባባ ክፍል እንዳትገቢ። ከአባባ ሳህን እንዳትበዪ። ትታመሚያለሽ።» እሷም አልገባችም። ምሳ ሰዓት ሲሆን ግቢው መሀል ያለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ትቆምና ወደ እሱ ታያለች። እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። አንዳንዴ ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ወደ እሷ ያነሳና «ደሴ!» ይላታል። ከዚያ ለራሱ ይጎርሰዋል።

በሐምሌ ዝናብ ሞተ። ከቀብር በኋላ እናቴ ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱንና ሳህኑን ጠቅልላ ከግቢ አስወጣች። ሚጣ በር ላይ ቆማ ሲወስዷቸው ታይ ነበር። ያኔ ሰዉ ብዙ፣ ለቅሶውም ገና ስለነበር ልጅቷን ልብ ያላት የለም።

መስከረም ላይ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እዚሁ አዲስ አበባ ስለደረሰኝ ከቤት እየተመላለስኩ ነው የምማረው። ሚጣም አፀደ ሕፃናት ጀመረች። ምሳ ዕቃዋ በየቀኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። እናቴ ክዳኑን ከፍታ ታያለችና «ጎበዝ! የእኔ አንበሳ!» ትላታለች። ሚጣ ዝም ብላ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች።

ኅዳር ውስጥ መምህሯ እህቴን አስጠራቻት። የዚያን ቀን ክፍል ስላልነበረኝ አብሬያት ሄድኩ። ሚጣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወድቃ ነበር።

«ቁርስ ሳትበላ ነው እንዴ የምትመጣው?» አለች መምህሯ።

«ትበላለች እኮ። ምሳዋንም ጨርሳ ነው የምትመለሰው።»

«ምሳዋንማ ታድለዋለች። ጓደኞቿ ዙሪያዋን ነው የሚቀመጡት፤ ማኅበር ያላት ነው የምትመስለው። እሷ ስትጎርስ አላየሁም። ቤት ጠግባ የምትመጣ መስሎኝ…»

እህቴ «ቤት ትበላለች» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ልጅቷ አንድ ጊዜ ስትጎርስ ያየሁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ ሁሉ አባቴ ያለበት ነበር።

ያን ዕለት ማታ ትሪው ሲቀርብ እኔና እህቴ የራሳችንን መብላት ትተን እጇን ተከታተልን። ሚጣ ከእንጀራው ትንሽ ቆረሰች፣ ወጥ አስነካችው፣ እየገፋች ወስዳ እናቴ ፊት አስቀመጠችው። እናቴ ወሬዋን ሳታቋርጥ አንስታ ጎረሰችው። ሚጣ ሌላ ቆረሰች፣ ይህን ደግሞ ወደ እኔ አመጣችው። እጇ አያርፍም። ለሚያያት በጣም የምትበላ ልጅ ናት። እህቴ በድንገት እጇን ያዘቻትና ሹራቧን ወደ ላይ ሰበሰበችው። ክንዷ እንደ ጭራሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚያውቀውን ሞከረ። እናቴ ዓይን ነው ብላ እንጦጦ ጠበል ወሰደቻት። እህቴ በቁጣ ጀመረች፤ «ብዪ፣ አለዚያ ጅብ ይበላሻል!» ትላታለች። ጅብ በእኛ ሰፈር ተረት አይደለም፤ ከጫካው ሲጮህ ይሰማል። ሚጣ ግን ጅቡንም አልፈራችም። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ሁሉ አመጣሁ። ምግቡ ያምር፣ ቀለም ይኑረው ይላል። አንድ ቅዳሜ ካሮት በኮከብና በልብ ቅርጽ ስቆርጥ እህቴ አየችኝ።

«ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ካሮት ልትቀርጪ ነው?» አለችኝ።

«ልጆች ይወዳሉ ይላል።»

«የየት አገር ልጆች?»

ሚጣ ኮከቦቹን በልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ደርድራ ተጫወተችባቸው። አንዱንም አልቀመሰችም።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ መዘነቻት፣ ክንዷን ለካች፤ የአባቴን ነገር ስንነግራት ደግሞ ሳንባዋን አስመረመረችልን። ልጅቷ ከዚያ በሽታ ነፃ ነበረች። ነርሷ ጥሩ ሰው ናት፤ አልተቆጣችንም። እንዴት እንደምንበላ ጠየቀችንና ሳቀች።

«የሁላችንም ቤት እንደዚሁ ነው» አለች። «ችግሩ ከትሪ ላይ ልጅ ምን እንደበላች አይታወቅም። የራሷ ሳህን ይኑራት። ትንሽ አድርጋችሁ አቅርቡላት፣ ምን እንደተረፈ እዩ፣ አታስገድዷት። የራሴ የምትለው ሲኖራት ደስ ይላታል።»

ምክሩ ትክክለኛ ምክር ነው። ስልኬም ያንኑ ይል ነበር፤ ስለዚህ በጣም ተደሰትኩ። ከዚያው መገናኛ ወረድንና እህቴ ሮዝ ሳህን መረጠች። መሀሉ ላይ ጥንቸል አለበት፤ ጥንቸሉ ይስቃል። ሻጩ «ይኼን አይቶ የማይበላ ልጅ የለም» አለን።

ቤት ስንገባ እህቴ እንደ ስጦታ ከጀርባዋ ደብቃ ቀረበቻት። «ገምቺ ምን ገዛሁልሽ!»

ሚጣ ፈገግ ብላ ነበር። ሳህኑ ሲወጣ ፈገግታው ጠፋ። ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ ወሰደች።

«የማን ነው?»

«የአንቺ ነዋ! የብቻሽ። ማንም አይበላበትም።»

«አዲስ ነው?»

«አዲስ ነው። ለአንቺ የተገዛ።»

ሚጣ ሳህኑን አየችው፣ እናቴን አየቻት። ከዚያ ወደ ግቢ ወጣች። ስንፈልጋት ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ፣ አባቴ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። እኛ ኩርፊያ መሰለን።

እናቴ በሳህኑ አልተደሰተችም። «ሕፃን ልጅ ሳህን ይለይባታል?» እያለች ታጉረመርም ነበር። እህቴ ግን ተናደደች። «ሐኪም ነው ያዘዘው። እኔ ከሐኪም አልበልጥም። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ምን ይላል ነው።» እኔም ከእህቴ ጎን ቆምኩ፤ የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ቃሌ ይሰማ ነበር። እናቴ ተወችው።

ከሳህኑ በኋላ ሚጣ ጭራሽ አቆመች። ቀድሞ ቢያንስ ሳናይ ትንሽ ትንሽ ትቀምስ ነበር ማለት ነው፤ አሁን ከንፈሯ አይላቀቅም። ምግቡ ሳህኑ ላይ ደርቆ ጥንቸሉን ይሸፍነዋል። ሻይ ትጠጣለች፣ ውሃ ትጠጣለች። አንድ ጠዋት ካልሲዋን ሳደርግላት እግሯ እጄ ላይ ክብደት አልነበረውም። እህቴ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እየሸጠች ታለቅሳለች ብለው ባልደረቦቿ ነገሩኝ።

የአባቴ ታላቅ እህት እንጦጦ ላይ ነው የምትኖረው። የልጅቷን ነገር ሰምታ በታኅሣሥ ወረደች። ጠንካራ ሴት ናት፤ ዳገቱን ዛሬም በእግሯ ነው የምትወጣው። ሚጣን እንዳየች ነጠላዋን አውልቃ አስቀመጠች።

«እናንተ ልጅ ትለምናላችሁ እንዴ?» አለች። «ልጅ ይጋታል እንጂ አይለመንም። እኔ ስንቱን ጋቼ ነው ያሳደግኩት።»

«እትዬ፣ ትልቅ ልጅ ናት እኮ፤ አምስት ዓመቷ ነው» አለች እናቴ።

«አምስት ዓመት ይህን ያህላል? ዝም በዪ። አጥሚቱን ለብ አድርጊልኝ።»

መጋት ምን እንደሆነ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ አያውቅ ይሆናል። ሕፃኑን ጭን ላይ ያንጋልሉታል፣ እጅን እንደ ጽዋ አድርገው አፉ ላይ ይደፉታል፣ ፈሳሹን ያፈሱበታል። ሕፃኑ ለመተንፈስ ሲል መዋጥ አለበት። አክስቴ ሚጣን አንጋለለቻት። እናቴ እግሯን ያዘች። እህቴ እጇን ያዘች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እኔ ኩባያውን ያዝኩ። ሚጣ መጀመሪያ አልጮኸችም። አፍንጫዋ ሲያዝ ነው አፏ የተከፈተው። አጥሚቱ ገባ። የመጀመሪያውን ዋጠች፣ ሁለተኛውን ዋጠች፤ አክስቴ «ይኸው! ይኸው!» አለች። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የሳል አልነበረም፤ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። እናቴ ነጥቃት ገለበጠቻትና ጀርባዋን መታቻት። በአፏም በአፍንጫዋም ወጣ።

አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀረች። «የወንድሜ ልጅ ልጅ… እኔ ክፉ አስቤ…» እያለች እጆቿን ታይ ነበር። ማንም አልወቀሳትም፤ ሁላችንም ይዘናት ስለነበር።

በማግስቱ ሚጣ አተኮሳት፤ ትንፋሿ ፈጠነ። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት። አጥሚቱ ወደ ሳንባዋ ገብቷል አሉን። አልጋ ተሰጣት፤ ኦክስጅን ተደረገላት፤ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቶ በሱ ወተት ይሰጧት ጀመር። ሐኪሙ እህቴን ወደ ጎን ወስዶ ሳንባዋ ይድናል፣ ነገር ግን በቱቦ መኖር አትችልም፣ በአፏ መብላት ካልጀመረች ሰውነቷ አይቋቋምም አላት። እህቴ ያን ነገረችኝና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች።

የገና በዓል እዚያው ሆስፒታል ዋለ። ትኩሳቱ በርዶላት፣ ሚጣም ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ችላ ነበር። ምሳ የምታድለው ሴት ለእያንዳንዱ አልጋ ሳህን እያስቀመጠች አለፈች። ሚጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እናቴና እኔ ፔርሙዝ ይዘን ቆመናል።

«ብዪ የእኔ እናት» አለች እህቴ። «ይኼ የአንቺ ነው።»

«የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ሚጣ ድምጿ ከቱቦው የተነሳ ጎርናና ሆኖ ነበር። «የሚሞት ሰው።»

«ማን አለሽ እንደሱ?»

«አባባ አዲስ ሳህን ገዙለት። ከዚያ ለብቻው በላ። ከዚያ ሞተ።» ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። «ለእኔም ገዛችሁልኝ።»

እህቴ ወደ እኔ አየች። የሚያጽናና ነገር ፈለግኩ፤ ያነበብኩት ሁሉ ግን ስለ ሌላ ልጅ የተጻፈ ነበር። እናቴ ፔርሙዙን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ተከትያት ሄድኩ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ነግረውኝ ነበር» አለች። «በሽታው በትንፋሽ ነው እንጂ በሳህን አይደለም፤ መድኃኒቱን ትንሽ ከወሰደ በኋላ ደግሞ አብራችሁ መብላት ትችላላችሁ ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኩት። እሷን ይይዛታል ብዬ ፈራሁ። ለእሷ ብዬ ነው ለብቻው ያበላሁት።»

«እማዬ…»

«ተይኝ። እስኪሞት ለብቻው ነው የበላው።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተመለሰች። አልጋው ላይ ወጥታ ሚጣ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ሳህኑ ውስጥ አስገባች። ሚጣ ይህን ስታይ ጮኸች። ሳህኑን ለመግፋት ታገለች።

«ተዪ እማማ! ተዪ! አትብዪ!»

እናቴ ግን በላች። ቀዝቃዛውን ሩዝና ምስር ጠቅልላ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ሚጣ እያለቀሰች ታያታለች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን እናቴ እጇን ጠረገች።

«አየሽ? አልሞትኩም።»

ሚጣ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ነገስ?»

እናቴ በማግስቱ የጎብኚ ሰዓት ሳይደርስ ዘበኛውን ለምና ገባች። ሚጣ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ያን ቀን እናቴ ስትበላ አልጮኸችም። በሚቀጥለው ቀን፣ እናቴ አንድ ጎርሳ ሁለተኛውን ስትጠቀልል፣ ሚጣ አፏን ትንሽ ከፈተች። ያ ጉርሻ ከአተር ፍሬ አይበልጥም። ዋጠችው፤ ከዚያ በጣም የደከማት ይመስል ጋደም አለች።

ተረፈች ማለት እችላለሁ፤ ዳነች ለማለት ግን እፈራለሁ። ጥር ላይ ቱቦው ወጥቶላት ቤት ገባች። ትምህርቱን እስከሚቀጥለው ዓመት ተወችው። የጥንቸሉን ሳህን እህቴ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም። አክስቴ መጥታ ነበር፤ ሚጣ ስታያት አልጋ ሥር ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ሚጣ የምትበላው እናቴ ከምትበላበት ብቻ ነው፤ ያውም እናቴ ከቀደመች። እኔና እህቴ አብረናት ብንበላ አይበቃትም። ለምን እናቴን እንደመረጠች ብዙ አሰብኩ። ምናልባት ስላረጀች፣ ቀጥሎ የምትሞተው እሷ ትመስላታለች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እናቴ በሁዳዴ እህል የምትቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አጉድላ አታውቅም። ዘንድሮ ደግሞ ምክንያት ነበራት። ጾሙን ለአባቴ ነፍስ ትይዘዋለች። በቃል አልተናገረችውም፤ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለብቻው ያበላችበትን መካሻ ሌላ መንገድ አላገኘችም።

በመጀመሪያው ሰኞ ለሚጣ ምሳዋን በስድስት ሰዓት አቀረበችላት።

«አንቺስ?»

«እኔ ጾመኛ ነኝ። በኋላ እበላለሁ።»

«ለብቻሽ?»

እናቴ ሳታስብ «ለብቻዬ» አለቻት።

ሚጣ እጇን ሰበሰበች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀች። እናቴ ሽሮዋን በሳህን ይዛ ስትቀመጥ ሚጣ ሮጣ መጥታ የሳህኑን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘችና እስኪያልቅ አልለቀቀችም። በልታለች፤ ግን የምትበላው ርቧት አልነበረም። ፊቷ የሚነድ ነገር የሚያጠፋ ሰው ፊት ነበር። እንዲህ ቀናቱ አለፉ። ጠዋት ትንሽ ሻይ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም። ክትትል ስንወስዳት ነርሷ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው። ያገኘችውን እያጣች ነው፣ ቀን ውስጥ ደጋግማ መብላት አለባት አለችን።

እህቴ እናቴን ለመናገር አልደፈረችም። እኔም አልደፈርኩም። እናቴ ራሷ ናት የንስሐ አባቷ ሲመጡ በር ላይ ያቆመቻቸው። እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር።

«አባቴ፣ ሰዓቱን ልተወው ነው። የፍስክ ምግብ አልነካም፤ ሰዓቱን ብቻ። ግን ለእሱ የያዝኩት ነበር። እሱስ?»

«ሰዓቱን እኔ እይዝልሻለሁ» አሏት ቄሱ። «ስሙን እየጠራሁ እጾምለታለሁ። አንቺ ልጅቷን አብያት።»

«የእርስዎ ጾም የእርስዎ ነው አባቴ። የበደልኩት እኔ ነኝ።»

መስቀላቸውን አሳለሟትና ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በስድስት ሰዓት ትበላለች። የጎረቤት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። ክፍል የሌለኝ ቀን አብሬያቸው እቀመጣለሁ። እናቴ እጇን ትታጠባለች፣ አማትባ ትንሽ ትቆያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የማንን ስም እንደምትጠራ አውቃለሁ። ከዚያ ትጎርሳለች። ምግቡ አፏ ውስጥ የሚያብጥባት ይመስላል። ሚጣ ፊት ለፊቷ ተንበርክካ ጉሮሮዋን ታያለች።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ።»

«አሳዪኝ።»

እናቴ አፏን ከፍታ ታሳያታለች። ሚጣ ጠጋ ብላ፣ ምላሷን ሳይቀር በደንብ ታያለች። ከዚያ የራሷን አፍ ትከፍታለች።